ኮምፒውተሩ እስኪነሳ

ትልቋ ልጅ ጆሮዋን ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጎን አስጠግታ ታዳምጣለች። ከውስጥ አንድ ነገር ደረቅ እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ለአፍታ ዝም ይልና ደግሞ ይቀጥላል። ከፊት ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ድርቅ ብላ በርታለች። ትልቋ ይህችን መብራት ታውቃታለች፤ እንጀራዋ ነው። ብልጭ ድርግም ስትል ዲስኩ እየሠራ ነው፤ ድርቅ ስትል ደግሞ ፋታ አጥቷል። ስክሪኑ ላይ የአባቷ ስም ወጥቶ ከሥሩ ትንሽዬ ክብ ትሽከረከራለች። ስሙን ላለማየት ነው ጆሮዋን የሰጠችው።

ከግድግዳው ማዶ ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሲኒ ከሲኒ ይጋጫል፣ ወንበር ይጎተታል፣ አንዱ ያስላል። ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ሟች ይጀምርና ሳያውቀው ስለ ወገቡ ሕመም፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ልጁ ፈተና ያወራል። ድንገት ያለበት ቦታ ትዝ ሲለው "አይ፣ ደግ ሰው ነበር" ብሎ ዝም ይላል።

አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ በሩን በክርናቸው ገፋ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። በእጃቸው የቡና ቴርሞስ ይዘዋል። ሰው ሁሉ ልጅቷ የት ገባች እያለ ሲጠይቅ እሷ እዚህ ከብረት ጋር ታወራለች አሏት።

"እስኪነሳልኝ ነው፣ እትዬ።"

"እሱ ደግሞ መቼ ተነስቶ ያውቃል። ሁለት የኮምፒውተር ሰው ወልዶ የራሱ እንዲህ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይሄ ነው።" በሩን መልሰው ዘጉት።

ሁለት የኮምፒውተር ሰው ያሉት እሷንና ታናሽ ወንድሟን ነው። እሷ የሆስፒታል ኮምፒውተሮች ትጠግናለች፤ ወንድሟ ስልክና ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅ አለው። አሁን ሳሎን ውስጥ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጧል። ከቀብሩ ወዲህ የተነጋገሩት "ወንበር ጨምር"፣ "ውሃ አልቋል" የሚል ብቻ ነው።

ትልቋን ከለቀስተኛ መሐል አስነስቶ እዚህ ያስቀመጣት የጎረቤታቸው የሲስተር ነገር ነው። ሲስተር ነርስ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰፈሩ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ይመጣሉ። የሚቀመጡት ሁልጊዜ የአባቷ ክፍል በር በሚታይበት ወንበር ላይ ነው፤ የእጅ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አቅፈው። ትናንት ሻይ ስታቀርብላቸው እጇን ያዝ አደረጉና ያ ማሽን ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ሰው ለሞተበት ቤት የማሽን ጤና የሚጠይቅ ገጥሟት ስለማያውቅ ግራ ገባት። ደህና ነው አለቻቸው። ሲስተር ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ነገሩን የነገሯት በኋላ አክስቷ ናቸው፣ ዕቃ ሲያጥቡ።

የሲስተር ባል በሕይወት ሳለ የረጅም መንገድ ሹፌር ነበር። ብዕር ስለማይሆንለት በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን በካሴት እየቀዳ ይልክላቸው ነበር። ከእነዚያ ካሴቶች የተረፈው አንድ ብቻ ነው። አባቷ ያንን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ ኋላ ሲያጠነጥነው ክሩ ተበጠሰ፤ ማጫወቻው ቆረጣጥሞ በላው። አባቷ ኮቱን ለብሶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ወደ ጎረቤት ሄደ። "ካሴቱን ገድዬብሻለሁ፤ ሰውየውን ግን አድኜዋለሁ" አላቸው። "ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ፍላሽ ገዝተሽ ነይና ልስጥሽ።" ሲስተር ፍላሽ ገዙ። አባቷ ግን በዚያው ሰሞን ታሞ ተኛ፤ አልተነሳም። ፍላሹ ከነማሸጊያው ቦርሳቸው ውስጥ ነው። በለቅሶ ቤት የራሴን ዕቃ አልጠይቅም ብለው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ።

ክቡ መዞሩን አላቆመም። ትልቋ የአባቷ ወንበር ላይ ተደገፈች።

አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሺያን ሆኖ ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ የሚቀመጥ፣ ሌላው ሲናገር የሚያዳምጥ ሰው። ጡረታ ሲወጣ ይህን ክፍል በካሴት ማጫወቻ፣ በኮምፒውተርና በጆሮ ማዳመጫ ሞላውና የሰፈሩን ሰው አሮጌ ካሴት እየተቀበለ ይቀዳ ጀመር። ካሴት ማቻኮል የለም። የግማሽ ሰዓት ንግግር የሚቀዳው በግማሽ ሰዓት ነው። እሱም ማዳመጫውን አድርጎ እስከ መጨረሻው አብሮ ይቀመጣል፤ የሰማውን ግን አይናገርም። አክስቷ አንድ ጊዜ፣ የልብስ ሰፊው ካሴት ላይ ምን አለ ብለው ሊያወጣጡት ሞክረው ነበር። "ድምፅ አለ" አላቸው።

ይህን ኮምፒውተር ስንት ጊዜ ልጠግንልህ ብላዋለች። ጠዋት ጠዋት ማብሪያውን ይጫንና ይደውልላት ነበር። ዶክተር ነው የሚላት፤ ሆስፒታል ስለምትሠራ፣ የምታክመው ኮምፒውተር ቢሆንም። "ዶክተር፣ በሽተኛዬን ቀስቅሼው ገና ዓይኑን እያሸ ነው" ይላታል። ከዚያ ስለ ምንም ያወራሉ፤ ምን በላሽ፣ እዚያ ዘነበ ወይ፣ ጫማሽን አሠራሽው። ከጀርባው የዲስኩ መፍጨት ይሰማታል። መጨረሻ ላይ "በይ ተነሳልኝ፣ ደህና ዋይ" ይላታል። ቅዳሜ ስመጣ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫንልህ ስትለው "ተይው፣ እኔም ስነሳ እንዲሁ ነኝ" ብሎ ያልፋታል።

የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ወንድሟ እሑድ። እንዲህ የተከፋፈለው እናታቸው ከሞተች በኋላ ነው። ወንድሟ አባባ ብቻውን አይኖርም፣ እኔ ጋ ይምጣ አለ፤ እሷ ከቤቱ ከነቀልነው ይደርቃል አለች። አንድ እሑድ ወንድሟ መጥቶ የአባቱን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከተተ። እሷ በማግስቱ ከሥራ ቀርታ መጣችና አንድ በአንድ አውጥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለች። በስልክ ተነጋገሩ፤ እሷ አባባን ዕቃ አደረግኸው፣ ጭነህ የምትሄደው አለችው። "አንቺ የምትፈልጊው አባባን አይደለም፣ ትክክል መሆን ነው" አላት። ይህን አረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ መልስ ፈልጋለት አጥታለች።

አባታቸው ለማንም አልፈረደም። ቤቱ በጥንድ ዕቃ ሞላ፤ ሁለት የሻይ ማፍያ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሁለት የግፊት መለኪያ። ኮምፒውተሩ ላይ ሳይቀር እሷ የጫነችለት ጸረ ቫይረስ አለ፣ ወንድሟ የጫነለትም አለ። ሁለቱ አብረው አይሆኑም፣ የሱን ላጥፋው ስትለው እጇን ከመዳፊቱ ላይ አነሳና "አትንኪው፣ የሱ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" አላት። ለወንድሟም ያንኑ እንዳለው አትጠራጠርም።

ክቡ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ የካሴቶቹ ፎልደሮች ብቅ ብቅ አሉ። ትልቋ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈተች። እሱ ራሱ ለመከፈት ምጥ ያዘው። ዲስክ፣ መቶ ፐርሰንት፣ በቀይ። ሌላው ክፍል ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ መከራውን የሚያየው ዲስኩ ብቻ ነው። ማን እንደሚያሠቃየው ለማወቅ ዝርዝሩን በዲስክ አጠቃቀም ደረደረችው።

ከላይ አራት ስም ወጣ። ሁለቱን ጸረ ቫይረሶች ጠብቃቸው ነበር። ሦስተኛው የራሷ ነው፤ ካሴቶቹ እንዳይጠፉ ፈርታ የጫነችው ቅጂ አስቀማጭ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ዲስኩን አስሶ አዲስ ያገኘውን ሁሉ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ይገለብጣል። አራተኛውን ስታይ እጇ መዳፊቱ ላይ ቆመ። እሱም ቅጂ አስቀማጭ ነው፣ የሌላ ዓይነት። እሷ አልጫነችውም። አባቷ መጫን አይችልም።

ወንድሟም ያንኑ ፈርቶ ያንኑ አስቦ ነበር። ሁለቱም ፕሮግራሞች ሁሉንም ገልብጡ ተብለው ታዘዋል። የእሷ ዲስኩን ሲያስስ የወንድሟን ቅጂ ያገኛል፤ አዲስ ነገር ነው ብሎ ይገለብጠዋል። የወንድሟ ደግሞ የእሷን ያገኛል። በማግስቱ ሁለቱም ትናንት አንዱ ከሌላው የገለበጠውን መልሰው ይገለብጣሉ። ሁለቱ ጸረ ቫይረሶች እያንዳንዱን ቅጂ እየተቀባበሉ ይፈትሻሉ። የእሷን ፎልደር ከፈተች። ውስጡ የወንድሟ ቅጂ በፓስወርድ ተቆልፎ ተቀምጧል። በዚያ ቁልፍ ውስጥ ደግሞ የእሷ እንዳለ፣ በእሷ ውስጥ የእሱ፣ ሳትከፍተው ታውቃለች።

የሆስፒታል ባልደረባ ቢያሳያት ኖሮ እስክታነባ ትስቅ ነበር።

ሹፌሩ የሚል ፎልደር አገኘች። ድምፁን ስትጫነው ማሽኑ አንድ ጊዜ ቀጭን ድምፅ አሰማና ዝም አለ፤ አልከፈተውም። ዲስኩ እዚያ ቦታ ላይ ተበልቷል። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ዕረፍት ሲፈጭ ይሄው አንድ ቦታ ላይ ሳሳ። ከራሷ ፎልደር ያለውን ቅጂ ሞከረች። ከፈተ፤ ደብዛዛ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ተቆረጠ። የእሷ ፕሮግራም አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ ዋናው ሲበላሽ የተበላሸውን በደህናው ላይ ገልብጧል። እንዲህ እንዲሆን የመረጠችው ራሷ ነበረች፣ ዲስክ ላለማባከን። የወንድሟ ዓይነቱ ግን አሮጌውን አይጥልም። በሥራ ቦታዋ በዚህ ጠባዩ ስትንቀው የኖረችው ፕሮግራም ነው።

የሹፌሩ ድምፅ በሕይወት ካለ፣ ያለው ከወንድሟ ቁልፍ በስተጀርባ ነው። ይህን ስታስብ መዳፊቱ አልንቀሳቀስ አለ። ማሽኑ ደረቀ።

የሹፌሩን ድምፅ ጠፍቷል ብላ ለሲስተር ብትነግራቸው ይቀበሏታል፤ እንዲያውም ያጽናኗታል። የአባቷ ቃል ግን አባቷ ከሞተ በኋላ ውሸት ይሆናል። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ሳሎን ወጣች።

ወንድሟ በግድግዳው ጥግ በሁለት ሽማግሌዎች መሐል ተቀምጧል። በሩ ላይ ቆማ በስሙ ልትጠራው አሰበች፤ ከአፏ የወጣው ግን የልጅነቱ ነው።

"ቀጮ" አለች። "አንዴ ትመጣለህ?"

ቀጮ ልጅ ሳለ ነፋስ የሚወስደው ነበር። አሁን ሲነሳ የተቀመጠበት ወንበር አብሮት ተነሳ፤ በሁለት እጁ ከዳሌው አላቀቀው። ሽማግሌዎቹ ወደ ሲኒያቸው አቀረቀሩ። ሲስተር ቦርሳቸውን ይበልጥ አጥብቀው ያዙ።

ክፍሉ ውስጥ ገብተው በሩን ከዘጋች በኋላ፣ እንደ ሥራ ጉዳይ፣ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። አራቱን ፕሮግራሞች፣ የተበላውን ቦታ፣ የሹፌሩን ድምፅ። ደህና የቀረው የሱ ቅጂ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ስትነግረው ድምፅዋን ላለመለወጥ ተጠነቀቀች። ቀጮ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ጆሮውን ከሳጥኑ ጋር ገጠመ።

"ኃይሉን ቆርጠን ካላስነሳነው ንቅንቅ አይልም" አለ።

"ደግሞ ላይነሳ ይችላል።"

"ይችላል።" ቀና ብሎ አያት። "አንቺ ነሽ የምታውቂው። ምን ላድርግ?"

እንዲህ ይላል ብላ አልጠበቀችም። አጥፋው አለችው። አጠፋው፤ ትንሽ አሳርፈው መልሰው አበሩት። ማሽኑ አቃሰተና መፍጨት ጀመረ። የአባታቸው ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ቀጮ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ስልኩን አወጣ፤ አየው፤ መለሰው። ቆየት ብሎ ደግሞ አወጣው።

"ሰው ትጠብቃለህ?"

"አይ። ይሄን ድምፅ ስሰማ ስልክ የያዝኩ ይመስለኛል።" አፍሮ ፈገግ አለ። "ጠዋት ጠዋት ይደውልልኝ ነበር፣ እስኪነሳለት። ከጀርባው ይሄ ሲፈጭ ነው የምሰማው።"

ትልቋ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። "ላንተም?"

"ነጋዴው፣ ሱቅ ተከፈተ ወይ ይለኛል። ከዚያ ስለ ምንም..." ቆመ። "ላንቺም?"

"በየቀኑ።"

ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሰው ሲኒ አስቀመጠ። የትልቋ አእምሮ በልማዱ ቅደም ተከተል መፈለግ ጀመረ።

"ሲደውልልህ ሻይ ጠጥቷል?"

"አይ፣ ገና ነው። ጉሮሮውን እየጠረገ ነው የሚያወራኝ።"

"እኔ ጋ ሲደርስ ጠጥቷል። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ይሰማኛል።"

"እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ነኝ።"

"አንተን ለጉሮሮ መጥረጊያ ነው የተጠቀመብህ።"

ቀጮ ሳቀ። ሳቁ ከሰውነቱ ጋር አድጓል፤ ክፍሉን ሞላው። እሷም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከማዶ አክስታቸው ሆን ብለው አሳሉ።

ሳቁ ሲበርድ ቀጮ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ባለፈው ዓመት ከሱቁ አዲስ ኮምፒውተር አምጥቶለት እንደነበር ነገራት። አባታቸው ካርቶኑን ሳይፈታ መልሶ አሸክሞታል። ይሄኛው ይስማማኛል ብሎ። ትልቋ የቅዳሜውን ልመናዋን ነገረችው። ከዚያ ሁለቱም ክቡን አዩ። አንድ ልጅ ማውራት፣ ውሃ አፍልቶ ሻይ መጠጣት፣ ሌላ ልጅ ማውራት። ማሽኑ ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ ይህን ያህል ነበር።

ተነሳ።

ቀጮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቅጂ አስቀማጩን ከፈተ። ፓስወርድ ሲጠይቀው ትልቋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ በሥራ ቦታዋም ልማዷ ነው። ማየት ትችያለሽ አላት። አልዞረችም። ቁልፎቹ ሲንኳኩ ሰማች፣ ከዚያ ረጅም መፍጨት፣ ከዚያ ቀጮ ትንፋሹን ሲለቅ። የሹፌሩ ድምፅ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር እየተገለበጠ ተደርድሯል። የቅርቦቹ የተበላሹ ናቸው። ወደ ታች ወደ ታች ወረደና የመጀመሪያውን፣ ካሴቱ በተቀዳበት ሰሞን የተቀመጠውን ተጫነ።

ጉሮሮ የሚጠርግ ወንድ ተሰማ። ከሩቅ መኪና አለፈ።

"እ... ይሰማል? እንግዲህ እኔ ደህና ነኝ። ጎማው ነው ደህና ያልሆነው..."

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ መዳፊቱ እጃቸውን ሰደዱ። ቀጮ ቀድሞ አቆመው። ከዚህ በላይ ማዳመጥ የነሱ ድርሻ አልነበረም።

ለቀስተኛው እንዳያይ ትልቋ ሲስተርን በጓሮ በር በኩል አስገባቻቸው። የአባቷ ወንበር ላይ አስቀምጣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው፤ ሻሻቸው እንዳይጨማደድ በጥንቃቄ። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱ ዘንድ ቆሙ። በመስታወቱ ላይ የሲስተር ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚመጣውን ቃል ከሰውየው ቀድመው ያውቁታል። አንድ ቦታ ላይ ጭናቸውን በእጃቸው መታ አድርገው ሳቁ፣ እንደ ወጣት ሴት። ብዙም ሳይቆዩ ማዳመጫውን አወለቁ።

"የቀረው ቤቴ" አሉ። ፍላሹን ከቦርሳቸው አወጡ። ማሸጊያውን ለመቅደድ ጣታቸው እምቢ ሲላቸው ቀጮ ተቀብሎ ቀደደላቸው። ቤታቸው ኮምፒውተር እንደሌለ ድንገት ትዝ ሲላቸው ደነገጡ፤ ቀጮ በስልክዎም አደርግልዎታለሁ ብሎ እዚያው አደረገላቸው። ለመሄድ ሲነሱ በሩን ይዘው ቆም አሉ።

"ካሴቱ የተበጠሰ ለት እኔ አላለቀስኩም" አሉ። "ያለቀሰው አባታችሁ ነው። እዚያ በሬ ላይ ቆሞ። እናታችሁ በሞተች ጊዜ ያላለቀሰ ሰው ለኔ ካሴት እንዲያ ሲያነባ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ዝም ብዬ ቡና ሰጠሁት።"

አባታቸው ሲያለቅስ አንዳቸውም አይተውት አያውቁም።

ሲስተር ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ያልጨረሱትን ሥራ ቀጠሉ። ቀጮ ከመኪናው አንድ ትርፍ ዲስክ አምጥቶ ካሴቶቹን ሁሉ ወደዚያ ማሻገር ጀመሩ፤ ደህና ያልሆነ ፋይል ሲገጥማቸው ከሱ መዝገብ አሮጌውን እያወጡ። አክስታቸው ምሳ ይዘው ገቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩአቸው ያሰቡትን ተግሣጽ ዋጡና ሳህኖቹን ካሴት ባልተቀመጠበት ጥግ አኖሩ።

የመጨረሻው ፋይል ሲያልቅ ትልቋ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈተች።

"የኔን አጥፊው" አለ ቀጮ። "ያንቺ ይሻላል።"

"የሹፌሩን ድምፅ የኔማ አጥፍቶት ነበር።" ይህን ስትል ፊቱን አላየችውም። የራሷን ቅጂ አስቀማጭ መርጣ አጠፋችው፤ የሱን ደግሞ የቅጂ ፎልደሮቹን ትቶ ካሴቶቹን ብቻ እንዲገለብጥ አዘዘችው። ሳህኖቹን መልሳ ስትመጣ ቀጮን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የራሱን ጸረ ቫይረስ አጥፍቶ ነበር። የእሷ ቀርቷል።

ለመጨረሻ ጊዜ አጥፍተው አስነሱት። ቀጮ ልማድ ሆኖበት በርጩማ ለመሳብ ጎንበስ አለ። በርጩማውን ስቦ ሳይጨርስ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ነበር። መብራቷ አንዴ፣ ሁለቴ ብልጭ ብላ ተረጋጋች። ክፍሉ ውስጥ ምንም የሚፈጭ ነገር አልነበረም።

"በዚህ አይነት" አለ ቀጮ፣ "ማንኛችን ጋ ሊደውል ነበር?"

ትልቋ ከጠረጴዛው ላይ የሚስተካከል ነገር መፈለግ ጀመረች። የካሴት ማጫወቻውን ክዳን ስትከፍተው ውስጡ አንድ ካሴት ተቀምጧል። በአባቷ የእጅ ጽሑፍ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ *ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁለተኛው ገጽ ይቀራል።* ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት መጥቶ፣ የሁለቱንም እጅ ጨብጦ፣ ስለ ካሴት አንድም ቃል ሳይናገር ሄዷል።

"እንጨርሰዋ" አለች።

"አሁን?"

"ሰው ሳይበዛ።"

ካሴቱን ገለበጠችው። መቅጃውን ከኮምፒውተሩ፣ ማጫወቻውን በጣቷ ተጫነች። ማዳመጫው አንድ ብቻ ነው፤ የሰው ቤት ድምፅ ደግሞ ሳሎን ያለው ለቀስተኛ እየሰማው አይለቀቅም። የማዳመጫውን ሁለት ጆሮዎች ወደ ውጭ ጠመዘዘቻቸውና አንዱን ለሱ አቀበለች። ገመዱ አጭር ስለሆነ ቀጮ በርጩማውን አስጠጋ፤ ትከሻቸው ተነካካ።

አንዲት ሕፃን ፊደል ትቆጥራለች። አንዱን ፊደል ትስታለች፤ አንዲት ሴት ታርማታለች፤ ሕፃኗ ትናደዳለች። የሆነ ቦታ ውሃ ይፈስሳል። ፀጉር አስተካካዩ፣ ያን ጊዜ ወጣት ሆኖ፣ ተያት ራሷ ታገኘዋለች ይላል። ሕፃኗ ታስባለች። ከዚያ ታገኘዋለች፤ ሁሉም ያጨበጭባሉ። ትልቋና ቀጮ ግድግዳውን እያዩ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በመሐል የቀጮ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ትልቋ አልዞረችም፤ የራሷንም እንባ አልጠረገችም። ሁለት ጊዜ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ማንም አልጠራቸውም። ካሴቱ በራሱ ፍጥነት ሄደ፣ ፊደሉን አልፎ፣ አንድ ዘፈን፣ የሰው ጫጫታ፣ የመብል ዕቃ ድምፅ፣ በመጨረሻም ማንም የማይናገርበት ረጅም ሽው የሚል ባዶ። ባዶውንም እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

ማጫወቻው ራሱን አቆመ።

ትልቋ የተቀዳውን አስቀመጠችና ካሴቱን አወጣችው። በማሽን ማጠንጠኑን አላመነችውም። ከጠረጴዛው እርሳስ አንስታ በካሴቱ ቀዳዳ ጥርሶች መሐል አስገባችና ክሩን በእጇ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ክሩ ጠበቅ ሲል እርሳሱን አወጣች። ካሴቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተተች፤ ማኅደሩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ቀጮ መደርደሪያው ላይ፣ ካለቁት መካከል፣ በሁለት ጣቱ ቦታ አሰፋላት። እሷም አስገባችው።